«ባለቤቴ ለ10 ወር ድሬዳዋ ተመደበ፤ ልከተለው ወይስ ልቅር?»

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ መሐንዲስ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ድሬዳዋ ለጀመረው ግንባታ ከኅዳር እስከ ነሐሴ መድቦታል። እኔ የሰማሁት ከፈረመ በኋላ ነው። ለመሄድ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። እኔ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ልጃችን ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ከትምህርት ቤት የምታመጣልኝ እናቴ ናት። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ በራሳችን ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሱ ቤቱን አከራይተን እንሂድ ይላል። ድሬዳዋ ማንንም አላውቅም። ቤተሰቡ ሁሉ ‹ባልሽን ተከትለሽ ሂጂ› ይለኛል። ብሄድ ሥራዬን አጣለሁ፤ ብቀር ትዳሬ ይጎዳል። ሳየው እናደዳለሁ፤ ከዚያ ለምን ተናደድኩ ብዬ ራሴን እወቅሳለሁ። ቢራዘምስ ብዬም እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን የያዘችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «እኔ የሰማሁት ከፈረመ በኋላ ነው» ብለሻል። ስለ ሥራሽ፣ ስለ ልጅሽ፣ ሰው ስለማታውቂበት ከተማ የጻፍሽው ሁሉ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ንዴቱ ግን ከዚህች የመጣ ይመስለኛል። ምደባው ለአዳማ ቢሆንም ትናደጂ ነበር። የሦስት ሰው ኑሮ የሚቀይር ነገር ተወስኖ ሲያልቅ ነው የደረሰሽ። እንዲህ ሲሆን መናደድ ጤነኛነት ነው። ራስሽን መውቀስሽን ተዪው።

ስለዚህ ሻንጣም ዕቃም ሳይነካ መጀመሪያ የምትነጋገሩት ስለዚህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለትዳሮች ሲሳሳቱ አያለሁ። ስለ ውሳኔው ሳይነጋገሩ ስለ ዕቃው ይነጋገራሉ። ፍሪጁን እንውሰድ፣ አልጋው እዚያ ይገዛ፣ ሠራተኛዋ ትምጣ አትምጣ። ንዴቱ ሳይነገር አብሮ ይጫናል፤ ከዚያ በሁለተኛው ወር በማይረባ ነገር ይፈነዳል።

ማታ ደክሞት ሲገባ አታንሺው። ልጅቷ ባለችበትም አይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችሁ ብቻ ወጣ በሉ። ክስ ሳይሆን የሆነውን ንገሪው፤ «መሄድህ አይደለም ያስከፋኝ፤ ሳልጠየቅ መወሰኑ ነው» ማለት ይበቃል። ከዚያ እሱን ስሚው። ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምደባን እምቢ ያለ ሰው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ምናልባት ለማማከር ጊዜ አልሰጡትም። ምናልባትም ሰጥተውት፣ አንቺ «አይሆንም» ትያለሽ ብሎ ፈርቶ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይገባሻል። ሁለተኛው ከሆነ ከዚህ በኋላ እንዴት እንደምትወስኑ መስማማት አለባችሁ። አማት፣ አጎት፣ የንስሐ አባት ከመግባታቸው በፊት ይህ በሁለታችሁ መካከል ይለቅ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። «ጊዜያዊ ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል?» የሚሉሽ ሰዎች አሉ ብዬ እገምታለሁ። ሆልምስና ራሂ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 የሕይወት ለውጦችን በነጥብ የሚመዝን ዝርዝር አውጥተው ነበር። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73 ነው። ቤት መቀየር 20 ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ያንቺ ጉዳይ ቤት መቀየር ብቻ አይደለም። የገቢ ለውጥ 38፣ የአኗኗር ሁኔታ ለውጥ 25፣ የቤተ ክርስቲያን ልማድ መለወጥ 19፣ የማኅበራዊ ኑሮ ለውጥ 18። ደምሪው፤ 120 ይሆናል። ነጥቦቹን እንደ ቴርሞሜትር አትያዢያቸው፤ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። የማነሣልሽ ለአንድ ነገር ነው። ትንንሽ ለውጦች አንድ ላይ ሲመጡ ይከብዳሉ። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዳይመጣብሽ ማድረግ ትችያለሽ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ እሱ በኅዳር ይሂድ፤ አንቺና ልጅሽ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ጥር መጨረሻ ገደማ ሲያልቅ ተከተሉት። በዚያን ጊዜም ቢሆን ሥራሽ ካልጠፋ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ልጅቷ በትምህርት መካከል አትነቀልም። አንቺም አለቃሽን በጨዋ ደንብ ለማነጋገር ጊዜ ታገኛለሽ። እሱ ደግሞ ቤት ፈልጎ፣ ሰፈር ለምዶ ይጠብቃችኋል። የአየር ጠባዩም ያግዛችኋል፤ ድሬ ከኅዳር እስከ የካቲት ለደገኛ የምትመች ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። በግንቦት ሙቀት ወደዚያ መግባትና በጥር መግባት የተለያየ ነገር ነው። ሙቀቱ ሲጨምር እያየሽው ትለምጂዋለሽ።

«ብቻውን አይተውም» የሚለውን የዘመድ ምክር ግን አልቀበልም። ባልሽ ትልቅ ሰው ነው። የሁለት ወር ተኩል መለያየት ጤነኛ ትዳርን አያፈርስም፤ ተኮራርፎ አብሮ መሄድ ግን ሊያፈርስ ይችላል። በመካከሉ አንድ ጊዜ ሂጂና እይው። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ለገና ብትሄጂ ጥሩ ነው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ከተማው በተሳላሚ ይሞላል፣ ትኬትም ይወደዳል። ስትሄጂ ለእንግድነት ብቻ አትሂጂ። ቤቱን እዪ፣ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ገበያ ውጪ።

ወደ ሥራሽ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ዓይነት ጉዳይ ረጅም ፈቃድ እንዲሰጥሽ አሠሪሽን አያስገድድም። ሕጉ የሚያውቀው ያለ ክፍያ ፈቃድ ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ስለዚህ የምትሄጂው መብት ልትጠይቂ ሳይሆን ልትደራደሪ ነው። ለድርድር ደግሞ ሙያሽ ያግዝሻል። የሒሳብ ሥራ ከሩቅ ሊሠራ ይችላል። «ባሌ ተዛወረ፤ ምን ትሉኛላችሁ?» ብለሽ አትግቢ። «የወር መዝጊያውንና የደመወዙን ሥራ ከዚያ ሆኜ እሠራለሁ፤ በየሁለት ወሩ መጥቼ ሰነድ አመሳክራለሁ፤ ሐምሌ ላይ እመለሳለሁ» ብለሽ በጽሑፍ ይዘሽ ግቢ። እምቢ ካሉ ቀጥለሽ የመመለሻ ቀኑ የተጻፈበት ያለ ክፍያ ፈቃድ ጠይቂ። በቃል «እሺ፣ ችግር የለም» ቢሉሽ አትመኚው፤ አለቃ ይቀየራል። የተፈረመ ወረቀት ያዢ። የቀረሽ የዓመት ፈቃድ ካለም መሄጃሽ ላይ ቀጥይው።

ሁለቱንም ከከለከሉሽስ? ያኔ መልሱ ከባድ ነው፤ ግን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ መወሰን ይኖርብሻል። እኔን ብትጠይቂኝ፣ የምትወጂውን ሥራ ለሰባት ወር ብለሽ እንድትለቂ አልገፋፋሽም። ልጅቷን ይዘሽ አዲስ አበባ ቀርተሽ፣ እሱ በየወሩ እየመጣ፣ እናንተ በመንፈቅ ዕረፍትና በክረምት እየሄዳችሁ ማለፍ ይቻላል። ለዚህ ግን የጉዞው ወጪ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አሁን መታወቅ አለበት። ባልሽ ገና ስላልሄደ ድርጅቱን መጠየቅ ይችላል። በደብዳቤው ላይ የማብቂያ ቀኑ ተጽፏል? የቤት ኪራይ ይከፍላሉ? ለቤተሰብ መጎብኛ ትኬት አለ? አበሉ ለአሥሩም ወር ነው ወይስ ለመጀመሪያው ብቻ? ሰው ከሄደ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስለት አያገኝም።

ቤቱን ስለማከራየት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለስድስት ወር ብላችሁ አከራይታችሁ በነሐሴ «ውጣልን» ብትሉ ተከራዩ ሕግ ከጎኑ ነው። ተመልሳችሁ በራሳችሁ ከተማ ቤት ፈላጊ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እናትሽ ወይም የምታምኚው የዘመድ ልጅ ብትቀመጥበት ይሻላል። ኪራዩ ይቀራል፤ ግን የምትመለሺበት ቤት አለሽ። ልጅሽም «ቤታችን አለ፤ አያቴ እየጠበቀችው ነው» ማለት ስትችል ብዙ ትረጋጋለች።

ዕድሩን አትርሺ። ለጸሐፊው ነግረሽ ወርኃዊውን በቅድሚያ ክፈዪ ወይም የሚከፍልልሽ ሰው ወክዪ። ዕቁብ ካለሽና ከበላሽ በቴሌብር እየላክሽ ጨርሺው፤ ካልበላሽም ዳኛውን አነጋግሪ። አዲስ ዙር ግን አትግቢ።

አሁን ስለ ድሬ። «ማንንም አላውቅም» ብለሻል። እንግዳን በቶሎ በማላመድ የምትታወቅ ከተማ ናት የደረሰችሽ፤ ዕድለኛ ነሽ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ከየቦታው የመጣ ሰው ስለሞላት መጤነት ብዙም አያስገርምም። በመጀመሪያው ቀን የጎረቤት ልጅ «አንቺ» ብላ ብትጠራሽ አትቀየሚ፤ ንቀት አይደለም፣ እዚያ አነጋገሩ እንዲሁ ነው። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር በእግርሽ እዪው። ቀፊራ ገበያ በጠዋት ውጪ። ቀትር ላይ ጉዳይ አትያዢ፤ ሱቁም ሰዉም ያርፋል፤ ከተማው እንደገና የሚነቃው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ይህን ካልተቀበልሽው ከሰዓት በኋላው እንደ እስር ይሆንብሻል። ከተቀበልሽው ግን ማታ ማታ ውጭ መቀመጥ፣ ከጎረቤት ጋር ሻይ መጠጣት፣ አዲስ አበባ ያጣሽው ነገር ይሆናል። በጣም ሲሞቃችሁ ሐረር ቅርብ ናት፤ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ፤ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ሐኪም ባልሆንም ትንኝን ሳላነሣ አላልፍም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ነበረባት፤ ወባም አለ። ደንጊና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው፤ የምትራባውም በበርሜልና በጀሪካን በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ አጎበር ብቻ አይበቃም። የውሃ ዕቃ ሁሉ ይከደን፤ በየሳምንቱ ታጥቦ ይቀየር። ልጅቷ ትኩሳት ከያዛት ቶሎ ጤና ተቋም ውሰጂያት። እስክትመረመር ድረስ ከፓራሲታሞል ውጭ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጪያት፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋ ያመጣሉ። የቧንቧው ውሃ ጨዋማና ነጭ ዝቃጭ የሚተው ነው፤ ፀጉርሽን ቢያደርቅብሽ አትደንግጪ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምፈራልሽ ሌላ ነገር አለ። «ለጊዜው ነው» ብሎ የሄደ ሰው ሻንጣውን አይፈታም። መጋረጃ አይሰቅልም፤ «ለስድስት ወር ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ከጎረቤት ቡና አይጠራራም፤ «ልሄድ ነው» ይላል። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ግን ጥግ ቆሞ ይመለሳል። ቀኑን የሚኖረው በስልክ ነው፤ የአዲስ አበባን ወሬ እየሰማ፣ የማኅበር ፎቶ እያየ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት መካከል በጣም የተጎዱት እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት እንደ ሽርሽር ያልፋሉ። ከዚያ ባል ሥራ ይውላል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ትውላለች፣ ሚስት አራት ግድግዳ ታያለች። ማታ እሱ ደክሞ ሲገባ እሷ ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው ወሬ አላት። እሱ ዝም ማለት ይፈልጋል። ጠቡ እዚህ ነው የሚጀመረው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት መጋረጃ ስቀዪ። እውነቴን ነው። ውድ አይሁን፤ ግን ይሰቀል። ጀበናሽን ከአዲስ አበባ ይዘሽ ሂጂና ጎረቤት አንድ ቀን ቡና ጥሪ፤ እስኪጠሩሽ አትጠብቂ። ከሥራሽ ሌላ፣ ከባልሽም ከልጅሽም ጋር ያልተያያዘ አንድ ያንቺ ነገር ይኑርሽ። ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ መማር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በየመንገዱ የሚነገሩበት ከተማ ነው፤ ባለሱቁ ራሱ ያስተምርሻል። የአንዲት ሱቅ ሒሳብ መያዝም ሊሆን ይችላል። ሥራሽን ለቀሽ ከሄድሽ ይህ ግዴታሽ ነው እላለሁ፤ ሙሉ ቀን ባል መጠበቅ ለማንም አይበጅም። እናትሽን በቀን አምስቴ አትደውዪላት። አንድ ጊዜ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ይበቃል፤ እሷም ትረጋጋለች።

ባልሽም ድርሻ አለው። ተከትለሽው የሄድሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ማታዎቹ የቤቱ ናቸው። ድሬ ላይ ከሥራ ባልደረባ ጋር መቀራረብ ብዙ ጊዜ በበርጫ ነው። ከምሳ በኋላ ተቀምጠው ጫት እየቃሙ ይጫወታሉ፤ ሰዓቱ ይሄዳል። የአገሩ ወግ ነው፤ ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ባልሽ የማይቅም ከሆነ ብቸኝነት ሊያስለምደው ይችላል፤ የሚቅም ከሆነም እዚያ ይበዛል። ይህን ከመሄዱ በፊት፣ ሳትቀላለዱበትም ሳትኮራረፉበትም፣ ተነጋገሩበት።

ልጅሽን በተመለከተ ሦስተኛ ክፍል መሆኗ ደግ ነው። ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ብትሆን የፈተና ዓመት ስለሆነ «አትንኳት» እል ነበር። ከትምህርት ቤቷ መሸኛና የመንፈቀ ዓመቱን ውጤት ማኅተም አስደርገሽ ውሰጂ። ድሬዳዋ ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ሦስቱም የማስተማሪያ ቋንቋ ናቸው፤ ስለዚህ ስትመዘግቢያት ክፍሉ በየትኛው እንደሚማር ጠይቂ። ለእሷ ቀድመሽ ንገሪያት፤ ከአክስቷ ስልክ እንዳትሰማ። «ደስ ይልሻል፣ እዪው ብቻ» አትበያት። ጓደኛዋን ታጣለች፤ ታልቅስ። የቀን መቁጠሪያ ላይ መሄጃውንም መመለሻውንም ቀን አብራችሁ አክብቡ።

እዚያ ሆነሽ ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ከጠፋ ወይም መኖር ካስጠላሽ «ናፍቆት ነው፣ ያልፋል» አትበይ። ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ። ወደ አዲስ አበባ ለጥቂት ሳምንታት መመለስም ሽንፈት አይደለም፤ ይህንንም ከአሁኑ ለባልሽ ንገሪው።

«ቢራዘምስ?» ላልሽው፦ የግንባታ ሥራ ይራዘማል፤ ይህን ባልሽ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ነሐሴ ደርሶ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሚያዝያ ላይ ባልሽ አለቃውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ለቀጣዩ ዓመት የሚመዘግቡት አዲሱ ዓመት ከመግባቱ ብዙ ቀድመው ስለሆነ የልጅሽ ቦታ የሚያዘው ወይም የሚጠፋው ያኔ ነው። አንቺና ልጅሽ ቢራዘምም ባይራዘምም ሐምሌ ላይ እንደምትመለሱ ዛሬ ተስማሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሌላ ውሳኔ ነው፣ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ የምትወስኑት። የአዲስ አበባውን ትምህርት ቤት መመዝገቢያም ምዝገባው እንደተከፈተ ክፈሉ።